መለማመጃ ያጣ ትራምፔት

ጡረታ ወጥቼ ደባርቅ በገባሁ ሰሞን ሰው ሳይሞት ሠፈሩን አስለቅሼ ነበር። በጠዋት ተነስቼ እንደ ልማዴ ፊቴን ታጠብኩ፤ ትራምፔቴን ከሳጥኑ አወጣሁና ጓሮ ቆሜ አንዲት ረዥም ድምፅ ነፋሁ። ረዥም ድምፅ የምንለው ዜማ የለውም፤ አንዷን ኖታ ትንፋሽ እስኪያልቅ ሳያንቀጠቅጡ መያዝ ነው። የነፊ ቁርስ እሷ ናት። ሁለተኛዋን ሳልጨርስ አጥሩ በሰው ተሞላ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ማን ነው? ማን አረፈ?» አለች ጎረቤታችን እናኑ፣ እንባዋን አዘጋጅታ።

«ማንም አላረፈ። እኔ ነኝ» አልኳት።

«እርስዎ ነዎት ያረፉት?»

ከኋላ የቆሙት ሳቁ። የእድራችን ዳኛ አቶ ዘውዱ ግን አልሳቀም። ቀረብ ብሎ ትራምፔቴን አየና፣ «ጋሼ፣ እንግዳ ስለሆኑ ነው እንጂ እዚህ አገር በጠዋት ጥሩንባ ከተነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው። የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ደግሞ ጋሽ ወርቄ ነው» አለኝ።

«የኔ ጥሩንባ አይደለም፤ ትራምፔት ነው።»

«ለእኛ ሁሉም ያው ሞት ነው።»

እኔ ባደግሁበት ገጠር ሞት የሚነገረው ኮረብታ ላይ ወጥቶ በሚጮህ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን የጨረስኩት በካምፕና በትምህርት ቤት ግቢ ነው። በካምፕ ጥሩንባ ሲነፋ ሰው ይነሳል፣ ይሰለፋል፣ ይተኛል። በደባርቅ ጥሩንባ ሲነፋ ሰው ይቀበራል። ደባርቅ የባለቤቴ የዘነበች አገር ነው፤ ጡረታ ስወጣ የአባቷ ቤት ባዶ ስለነበር ገባንበት። የእድሩም አባል የሆንነው በሷ በኩል ነው።

ለጎረቤቶቼ ይቅርታ ብዬ ገባሁ። ግን ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። ለማያውቅ ሰው የከንፈር ነገር አይገባውም። ከንፈር እንደ እርሻ በሬ ነው፤ ሳይጠመድ ከከረመ ቀንበር ሲጫንበት ይተኛል። ወጣት ቢሆን መልሶ ይነሳል፤ በኔ ዕድሜ አንዴ ከተኛ ተኛ ነው። ዓይኔ ደክሟል፣ ጆሮዬም የድሮው አይደለም። ከንፈሬ ብቻ ነበር የቀረኝ። ስለዚህ የጡረታዬ ነገር ይኸው ሆነ፤ የት ልንፋ? ይህን ስጽፍም ተቀምጬ አይደለም፤ አንድ ሁለት መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ ግቢውን ዞሬ እመለሳለሁ። የእጅ ጽሑፌ መጥፎ ነው፣ ማንም የሚያነበው ይታገሠኝ።

የተወለድኩት ከዳባት ወጣ ብሎ ነው። አባቴ ገብስ የሚያርስ፣ በግ የሚያረባ ሰው ነበር። እኔ ወታደር ሆኜ ስሄድ አላለቀሰም፤ ወታደርነት ያስከብራል። ማሠልጠኛ እንደገባን አንድ ቀን አሰለፉንና አንድ አጭር ሰውዬ እያንዳንዳችንን «ጥርስህን አሳይ» እያለ መጣ። ዳባት ገበያ በቅሎ ሲገዛ የማውቀው እንዲህ ነው፤ ከንፈር ገለጥ አድርጎ ጥርስ ማየት። እኔ ዘንድ ሲደርስ ከንፈሬን በአውራ ጣቱ ገለጠና፣ «ይሄን ለኔ ተዉት» አለ። ሃምሳ አለቃ ተሰማ ይባላል፤ የባንዱ አለቃ ነበር። ትራምፔት ነፊ የሆንኩት ጥርሴ ስለገጠመ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ስለ ሃምሳ አለቃ ተሰማ ብዙ መጻፍ እችላለሁ። ሲያስተምረን አያየንም። ጀርባውን ይሰጠንና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል። አንዱ ለምን እንደሆነ ቢጠይቀው፣ «ሳይህ ጎበዝ ትመስለኛለህ። እንዳትመስለኝ ነው» አለው። ስንሳሳት አይናገርም። ትክክለኛዋን ድምፅ በአፍንጫው ያንጎራጉራታል፤ እኛ እስክንደርስባት ድረስ ያንጎራጉራታል፤ ስንደርስባት ያቆማል። ምስጋናው ያ ዝምታ ነበር። በብርድ ጊዜ ደግሞ ማውዝፒሱን፣ ማለት ከንፈር ላይ የሚያርፈውን ክፍል፣ ብብቱ ውስጥ አድርጎ ያሞቀውና ነው የሚሰጠን። መጀመሪያ ተጸይፈን ነበር፤ በኋላ ሁላችንም በየብብታችን ይዘን መዞር ጀመርን።

ከሁሉም የሚጠላው ቆሎ ነው። የምንነፋበት ቀን ቆሎ የበላ ሰው ወዮለት። አንድ ቀን አንዱ ጓደኛችን «አልበላሁም» ብሎ ማለ። ሃምሳ አለቃ ትራምፔቱን ተቀብሎ ቱቦውን አወጣና መዳፉ ላይ መታ መታ አደረገው። የገብስ ስባሪ ዱብ አለ። «ምስክሩ መጣ» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ኖታ ማንበብ የቻልኩት ፊደል ሳላውቅ ነው። ፊደሉን በኋላ ካምፕ ውስጥ በመሠረተ ትምህርት ቆጠርኩ፤ እሱም ቢሆን በደንብ አልገባኝም። ኖታ ከመስመር ከፍ ሲል ከፍ፣ ዝቅ ሲል ዝቅ ነው፤ ፊደል ግን ሁሉም አንድ መስመር ላይ ቆሞ ሌላ ሌላ ይላል። ይሄ ዛሬም ያናድደኛል።

አባቴ ባንድ መግባቴን ሲሰማ፣ «ልጄን ለጦር ሰጠሁ፤ እነሱ አዝማሪ አደረጉት» ብሎ ለዘመድ አወራ። በእኛ አገር ያን ጊዜ ይህ ትንሽ ቃል አልነበረም። እረፍት ስሄድ ሰው ፊት አያናግረኝም። ጦሩ ተበትኖ በሌላ የመንግሥት የሙዚቃ ጓድ ስቀጠርም ያው ነበር።

በመጨረሻ ግን አንድ ቀን ጠርቼው ሊሰማኝ መጣ። የሙዚቃ ጓዳችን ለአንድ ምረቃ ወደዚህ አካባቢ ተልኮ ነበር። ረፋዱ ላይ ድብ ባሕር ዝግጅታችንን አሳየን። ድብ ባሕር ከሊማሊሞ ቁልቁለት ግርጌ ነው፤ ሙቀት ነው። ብረት ሲሞቅ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ከትራምፔቱ ፊት ያለውን ቱቦ ሳብ አድርገህ ድምፁን ታወርደዋለህ። አደረግሁ፤ ደህና ነፋን። ከዚያ በክፍት መኪና ሊማሊሞን ወጣን። ጉሙ ፊታችንን ገረፈው። ደባርቅ ስንደርስ ሜዳው በሰው ተሞልቷል፤ እንግዶቹ ወንበር ላይ ናቸው፤ ብርዱ ጣት ይቆርጣል። አሁን ተቃራኒው ነው፤ ብረት ሲቀዘቅዝ ድምፁ ስለሚወርድ ቱቦው ተመልሶ መግባት አለበት። ገፋሁት፤ አልገባ አለ። ብረቱ ከቅባቱ ጋር ተጨባብጦ ነክሶ ይዞታል። ጓደኞቼም ይታገላሉ።

«ሻለቃ፣ ብረቱ ይሙቅ። ትንሽ ጊዜ ይስጡን» አልኩት አለቃችንን።

«ባለሥልጣን ቆሞ ያንተን ብረት ይጠብቅ? ንፋ!»

መክፈቻው የኔ ነበር፤ ለብቻዬ። ቀና ስል አባቴን አየሁት። ነጭ ጋቢ ለብሶ ከሽማግሌዎቹ መሃል ተቀምጧል። ጎኑ ላለው ሰው በከዘራው ወደኔ አመለከተና የሆነ ነገር አለው። «ልጄ ነው» ያለው መሰለኝ።

ነፋሁ። የመጀመሪያዋ ድምፅ ወርዳ መጣች። ከንፈሬ እንጨት ሆኗል። ወደ ላይኛዋ ስወጣ ተሰበረች፤ ተሰበረች ስል እንደ ፍየል ጮኸች ማለቴ ነው። ከሕዝቡ መሃል አንዱ ከኋላ፣ «ኧረ ፍየሏን ፍቷት፣ ትውጣ!» ብሎ ጮኸ። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ጋቢውን አስተካከለና ተነስቶ ሄደ።

መናኸሪያ ደረስኩበት። «አባዬ፣ ብርዱ ነው። ብረቱ ብርድ አይችልም» አልኩት።

«እኔስ የኖርኩት የት ነው? ምድጃ ውስጥ?» አለኝ። ከዚያ ደግሞ፣ «በል ደህና ሁን። ሰው ፊት ግን ዳግመኛ አትጥራኝ» አለና ዳባት በሚሄደው አውቶብስ ገባ።

ዳግመኛ አልጠራሁትም። እሱም ሳይሰማኝ ሞተ። ለሻለቃው ግን እስከ ዛሬ ይቅርታ አላደረግሁም፤ አላደርግምም።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስሙን አልጠራም። የሙዚቃ ትምህርት ክፍል ከፍተው የትንፋሽ መሣሪያ የሚያስተምር ጠፋቸው። ኃላፊዋ ዶክተር ሕይወት የምትባል ፒያኖ ተጫዋች ነበረች። ጠርታ ጠየቀችኝ።

«ዲግሪ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ዲፕሎማ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ምን አለዎት?»

«ከንፈር።»

ሳቀችና አስነፋችኝ። ዲግሪ ስለሌለኝ በረዳትነት ተቀጠርኩ፤ ስለ ደመወዙ አልጽፍም፣ የሚያስወራ አልነበረም። መጀመሪያ ላይ የማስተምረው እንደ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ግድግዳ እያየሁ። ዶክተር ሕይወት ገብታ አየችኝና ከክፍል በኋላ፣ «ጋሼ፣ ወታደር ታዟል ብሎ ይቆማል። እነዚህ ልጆች ግን ለምን ይላሉ። ለምን እንደሆነ ይንገሯቸው» አለችኝ። «እኔ መናገር አልችልም» ብላት፣ «ይማሩታል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ መናገር የተማርኩት እዚያ ነው። ትንፋሽ ከሆድ ነው የሚነሳው የምትባለዋን ለማስረዳት ሻማ እያበራሁ ነበልባሉ ሳይጠፋ እንዲያጎነብስ አስነፋቸዋለሁ። ወረቀት ግድግዳ ላይ በትንፋሽ አስይዛቸዋለሁ። ተማሪዎቹ ወረቀቱ እንዳይወድቅ በምራቅ ያጣብቁት ነበር፤ ይህን የደረስኩበት ዘግይቼ ነው።

«ቲቸር፣ ሃይ ኖቷን እንዴት ነው የምንመታት?» ይሉኛል።

«አትመታም። ቦታ አዘጋጅላትና ትምጣ።»

«ካልመጣችስ?»

«ነገም አዘጋጅላት።»

እንዲህ ስል ኖርኩ። በመጨረሻም የማስተምርበትን አሮጌ ትራምፔት በስጦታ ሰጥተው አሰናበቱኝ። ተማሪዎቼ አለቀሱ፤ እኔ ግን ቸኩያለሁ፣ ደባርቅ ገብቼ ያለ ደወል፣ ያለ ሰዓት ልነፋ ነው ብዬ። የገጠመኝን ከላይ ጽፌዋለሁ።

ከዚያ መንከራተት ጀመርኩ። መጀመሪያ ድምፅ ማፈኛ ትራምፔቱ አፍ ውስጥ ወትፌ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ሞከርኩ። ዘነበች በሩን ከፍታ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ታፍነህ ልትሞት ነው። ያኔ ጋሽ ወርቄ ይነፋልሃል፤ ለሁላችንም እፎይ ነው» አለችኝ። ቀጥዬ ከከተማው ጫፍ ባሕር ዛፍ ውስጥ ገባሁ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ሸክማቸውን ጥለው፣ «የየትኛው ሠፈር ሰው ነው?» እያሉ መጡብኝ። የድንጋይ ካባ ማውጫው ጋ ሄድኩ፤ ድንጋይ ፈላጮቹ መዶሻቸውን አስቀምጠው ባርኔጣቸውን አወለቁ። የትም ብሄድ ሰው እየገደልኩ ነው።

በመጨረሻ ወፍጮ ቤት ትዝ አለኝ። ወፍጮ ሲዞር እንኳን ትራምፔት መድፍ አይሰማም። የወፍጮው ባለቤት የዘነበች ዘመድ ስለሆነ ከማሽኑ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል ፈቀደልኝ። አቤት ደስታዬ! ጠዋት ጠዋት ዱቄት እየነፋብኝ እነፋለሁ። ከንፈሬ ተመለሰ። የላይኛዋ ሶል የምንላት ከፍተኛ ኖታ ራሷ ፈልጋ ትመጣ ጀመር። ስወጣ ነጭ ሆኜ ነው የምወጣው፤ ሠፈርተኛው እህል ማስፈጨት የጀመርኩ መስሎት ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ግን ረዥሟን ድምፅ ይዤ ሳለ መብራት ጠፋ። ወፍጮው ቀጥ አለ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር፣ ጆሮዬም በጩኸቱ ደንቁሮ ስለነበር፣ አላወቅሁም፤ ነፋሁት። ደጅ ተራ ከሚጠብቁት ሴቶች መሃል እናኑ ነበረች። እናቷ ታማ ቤት ተኝታለች። ድምፁን ስትሰማ፣ «እናቴን!» ብላ ስልቻዋን ጥላ ሮጠች። ኮብልስቶኑ ላይ ወደቀች፤ የእጇ አንጓ ተሰበረ። በተሰበረ እጇ ቤት ስትደርስ እናቷ ተቀምጣ አጥሚት ትጠጣለች። «ምን ሆንሽ ልጄ? ማን ሞተ?» አለቻት አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ፤ ድንኳኑና ድስቱ የሚቀመጥበት ግቢ ውስጥ። እናኑ እጇን በነጠላ አንጠልጥላ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። አቶ ዘውዱ ቆመና፣ «ነገሩ አጭር ነው። ጋሼ ወይ ያን ነገር እድሩ መጋዘን ያስገቡ፣ ወይ ከእድሩ ይሰናበቱ» አለ።

ዘነበች ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ማን ይቀብረናል?» አለች በሹክሹክታ። ይህን ለማያውቅ ሰው ልንገረው፤ ከእድር የወጣ ሰው ሲሞት ጥሩንባ አይነፋለትም፣ ድንኳን አይተከልለትም፣ ሬሳውን የሚያነሳ ሰው የሚገኘው በልመና ነው። እኔ ምንም ብሆን ምንም አይደለም፤ እሷ ግን ተወልዳ ባደገችበት አገር እንዲያ ልትሆን ነው። በሌላ በኩል ትራምፔቱ መጋዘን ገባ ማለት ከንፈሬ ተቀበረ ማለት ነው።

ይህን ጊዜ ባንክ የሚሠራ አንድ ወጣት እጁን አወጣ። «ይቅርታ፣ ችግሩ የጋሼ ትራምፔት አይደለም» አለ። «በዚህ ዘመን ሰው በጥሩንባ ነው እንዴ የሚጠራው? ቴሌግራም ላይ ግሩፕ እንክፈት። ሰው ሲያርፍ ፖስት ይደረጋል፤ አለቀ። ስልክ ለሌለው ጎረቤቱ ይነግረዋል።»

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ፤ ወጣቶቹ አጨበጨቡ። አቶ ዘውዱ አገጩን አሻሸ። «ክፉ ሐሳብ አይደለም» አለ። «የእድሩ ጥሩንባ ከቀረ ጋሼም እንደ ልባቸው ይነፋሉ፣ ማንም አይደነግጥም። ምን ይላሉ ጋሼ?»

ሁሉም ወደኔ ዞረ። ዘነበች እጄን ጨበጠችኝ፤ «እሺ በል» ማለቷ ነው። እኔ ግን ያየሁት ጋሽ ወርቄን ነው። ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ጥሩንባው ጉልበቱ ላይ ነው፤ መሬት መሬት ያያል። ከንፈሩ ላይ የጥሩንባው ቀለበት የተወው ክብ ምልክት አለ። እኔም አለኝ።

ተነሳሁ። «አይሆንም» አልኩ። «ጥሩንባው አይቀርም። ኔትወርክ ስንት ቀን ነው የሚጠፋው? ያን ቀን የሚሞት ሰው ምን ይሁን? ደግሞም አንድ ነፊ አፉ ተዘግቶ የኔ እንዲከፈት አልፈልግም። ትራምፔቴን እድሩ መጋዘን አላስገባም፤ ከተማ ውስጥም አልነፋም። እናኑ፣ ይህን ላንቺ ነው የምለው። ውጭ ሄጄ እነፋለሁ፤ ሩቅ።»

እናኑ፣ «ሩቅ ያሉት ባሕር ዛፉ ጋ ከሆነ ሌላኛውንም እጄን ላዘጋጅ» አለች። ሰው ሳቀ። ስብሰባው በዚሁ ተስማማ፤ ጥሩንባው ይቀጥላል፣ የኔው ከተማው በማይሰማበት ቦታ ይነፋል። ዘነበች ነጠላዋን አጣፍታ ጥላኝ ወደ ቤት ሄደች።

መንገድ ላይ ጋሽ ወርቄ እያነከሰ ደረሰብኝ። ሊያመሰግነኝ መስሎኝ ቆምኩ።

«ማን ለምኖህ ነው?» አለኝ።

«ምን?»

«ማን ለምኖህ ነው ያ ሁሉ ንግግር? በውርጭ እየተነሳሁ ጉልበቴ አለቀ። ያ የባንክ ልጅ ሲናገር ልቤ ጮቤ ረግጦ ነበር፣ ቀረልኝ ብዬ!»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ደስ እንዳለኝ ካወቁ አያስቀሩትማ! አንተ ግን መጣህና...» ጥሩንባውን ደረቴ ላይ ገፋው። «በል እንግዲህ፣ ውርጭ ሲሆን አንተ ትነፋለህ። እኔ ክረምትን እይዛለሁ።»

እሺ አልኩት። ምን ልበል? አሁን በውርጭ ወራት የደባርቅ ሰው ሲሞት ቀባሪ የምጠራው እኔ ነኝ። ግን የእድሩ ጥሩንባ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ከንፈሬ ደግሞ በየቀኑ ይፈልጋል። ሰው በየቀኑ አይሞትም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስለዚህ መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን ሁሉ በጠዋት ትራምፔቴን ብብቴ ውስጥ ይዤ መናኸሪያ እገኛለሁ። ወደ ድብ ባሕር የሚወርደው አውቶብስ ላይ እሳፈርና ሊማሊሞ መሃል ላይ እወርዳለሁ፤ እዚያ ነፍቼ ስመለስ ባገኘሁት የጭነት መኪና እወጣለሁ። ብርዱ፣ መንገዱ፣ መጠበቁ ያደክማል። መንገዱ በሚዘጋበት ሰሞን ደግሞ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ ዘነበች፣ «ተቀመጥ፣ ምድሩ ተቦረቦረ» ትለኛለች። የላይኛዋ ሶል ከወፍጮ ቤቱ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመጣችልኝ። ትናንት ጠብቄያት አልመጣችም። እድሩ ላይ እሺ ብል ኖሮ ዛሬ ጓሮዬ ቆሜ ትመጣልኝ ነበር፤ አውቃለሁ። ቢሆንም አሁንም ቢጠይቁኝ አይሆንም ነው የምላቸው።

ረዳቱ ለምዶኛል። ቁልቁለቱ ሲጀምር፣ «አባባ፣ ዛሬስ የት ነው የሚወርዱት?» ይለኛል።

«ቤት በማይታይበት አውርደኝ።»

እሱም ጣሪያውን ደብደብ አድርጎ ለሾፌሩ ይጮኻል፤ «ወራጅ አለ! ገደሉ ላይ!»